አንቺ ልትሆኚ ነበር

ቆሰበር፣ የካቲት 2011 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጋሼ ስማቸው፣

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ነገሩን ገና ስጀምረው «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» ትላለህ፤ መልሰህ ግን አትደውልም። ስለ ልጆቹ ስናወራ ጥርት ብሎ የሚሰማው ኔትወርክ የእንቁን ስም ሳነሳ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ወረቀት አይቆራረጥም ብዬ ይህን ጻፍኩልህ። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እንቁን አልረሳሃትም። ከእኔ ጋር በአንድ ጠዋት በኦፕራሲዮን የወለደችው፣ ከአዘና ወዲያ ካለ ገጠር የመጣችው ሴት ናት። የሆስፒታሉን ስም እዚህ አልጠራውም፤ አንተም እኔም እናውቀዋለን። ሐምሌ 2009 ነበር። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ለሁለተኛዋም ቀን ተቆርጦልኝ ገባሁ። የእንቁ ልጅ ደግሞ በመቀመጫው መጥቶባት ነበር። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። እሷ አማርኛ አትችልም፤ ማደንዘዣውን የምትሰጠን አንተ ደግሞ የእናታችንን አዊኛ ትምህርት ቤት ገብተህ ረስተኸዋል። እኔ ችግኝ ለገበሬ ስሸጥ ቋንቋው አልጠፋብኝምና «ነይ እስኪ አስተርጉሚልኝ» አልከኝ።

ያልከውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «በወገቧ ከምንሰጣት ማደንዘዣ ጋር ትንሽ የሕመም ማስታገሻ እንቀላቅላለን። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፌንታኒል ነው፤ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ይለቃል። ሌላው ሞርፊን ነው፤ ሕመሙን እስከ ነገ ድረስ ይይዝላታል፣ ግን ያሳክካል፣ ያቅለሸልሻል፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ያዘገያል። ሁለቱም የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። እኔ የማጠናው ለእኛ እናቶች የትኛው እንደሚሻል ነው። ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚለየው ዕጣ ነው።»

አስተረጎምኩላት። አማቷ ወዲያው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምን ዕጣ ያስፈልገዋል? መድኃኒቱን አያውቀውም ማለት ነው?» አሉኝ በአዊኛ። ባሏ ቢሻው ደግሞ አማርኛ ስለሚሞክር በቀጥታ አንተን ጠየቀህ።

«ዕጣውን የሚያወጣው ማነው? አንተ ነህ?»

«እኔ አይደለሁም» አልከው። «ክንዴ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ነው። መድኃኒቱንም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። እኔ ስወጋ ምን እንዳለበት አላውቅም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ፣ «ማንም አይመርጥም በያት፣ ዋጋዬ» አልከኝ። አልኳት። በእናታችን ቋንቋ፣ ዓይኗን እያየሁ፣ ማንም አይመርጥም አልኳት።

እንቁ ወደ ሆዴ አየችና «አንቺስ አለሽበት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ስለ ዕጣው ጠይቀኸኝ አታውቅም ነበር። «አዎ፣ እኔም አለሁበት» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ እሺ አለች። ምን እንዳልኳት ስነግርህ ፊትህ ተለዋወጠ። «አንቺ ምን አገባሽ በዚህ?» አልከኝ ቀስ ብለህ። ቢሻው እየሰማ ስለነበር ግን አንድ ጊዜ የተባለውን መመለስ አልቻልክም። ያን ጊዜ የተቆጣኸኝ እህትህን ለሙከራ ማቅረብ አሳፍሮህ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ክንዴ ለእኔና ለእንቁ የሚሆነውን አዘጋጅቶ፣ በነጭ ፕላስተር ላይ «አንድ» እና «ሁለት» ብሎ ጽፎ ሲሪንጆቹን በትሪው ላይ አስቀመጠ። እኔ ቀዳሚ ነበርኩ። አንተ የሆነ ነገር ጠየቅከውና እሱ መልሶልህ ወጣ፤ ምን እንደተባባላችሁ አልሰማሁም። ብቻህን ስትቀር አንዱን ሲሪንጅ አነሳህ። በመስኮቱ ብርሃን አየኸው። ወደ በሩ ዞር ብለህ አየህ። መልሰህ አስቀመጥከውና ሌላውን አነሳህ።

አየር ገብቶበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስንት ሴት ስትወጋ የኖርክ ሰው ነህ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ትራስ አቅፌ ጀርባዬን ሳጎብጥልህ ግን እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። «በርዶሃል እንዴ ጋሼ?» ብዬ ቀለድኩብህ። አልሳቅክም።

ልጄን ወለድኩ፣ ሴት ነበረች። ከእኔ ቀጥሎ እንቁ ወንድ ልጅ ታቅፋ ወደ ክፍላችን ተመለሰች። መጀመሪያ ሁለታችንም ደህና ነበርን። እኩለ ቀን ሳይሞላ እግሬ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ቁስሌም ተከትሎ ተቀሰቀሰ። ሲስተሯ ክኒን ሰጠችኝ፣ ብዙም አልረዳኝ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ጎን ሳይ እንቁ ልጇን ታጠባለች፣ አፍንጫዋንና ጉንጯን እያከከች ትስቃለች። አማቷ አልሳቁም።

«ፊቷን እንዲህ የሚያሳክካት ምን ወግተዋት ነው?» አሉኝ። «ይኸን ነገር አላመንኩትም።»

«መድኃኒቱ ነው እማማ፣ ያልፋል። ወንድሜ አስቀድሞ ተናግሮታል» አልኳቸው።

«ታዲያ አንቺን ለምን አላሳከከሽም?»

«ለእኔ ሌላው ደርሶኝ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ዕጣው ሲወጣ አላየሁም። ግን ግልጽ ነበር። እሷን ያሳክካታል አያማትም፤ እኔን ያመኛል አያሳክከኝም። ዕጣዬ መናኛ ሆነ ብዬ በልቤ ተነጫነጭኩ። ጥርጣሬው የገባኝ መመላለስህን ሳስተውል ነው። ትገባለህ፣ «እንዴት ነሽ ዋጋዬ» ትለኛለህ፣ መልሴን ግን አትጠብቅም። እንቁ አጠገብ ትቆማለህ። ሰዓትህን እያየህ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ትቆጥራለህ። ትወጣለህ፣ ተመልሰህ ደግሞ ያንኑ ታደርጋለህ። እኔ እያቃሰትኩ ነው፤ አንተ ግን የምትፈራው ለእሷ ነው። ምን እንዳለበት አላውቅም ያልክ ሰው ለማን መፍራት እንዳለብህ እንዴት አወቅክ? ማከኳን አይተህ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ግን ገና ማከክ ሳትጀምር ነው መጥተህ የቆምክባት።

ወደ አመሻሹ ደም የሚፈሳት ሴት መጣችና ጠሩህ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። እንቁ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ታንኮራፋለች። አማቷ ደስ ብሏቸው «ተያት፣ ደክሟት ነው፣ ትተኛ» አሉኝ። እኔ ሕመሙ እንቅልፍ ስለነሳኝ ጆሮዬን ከእሷ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ማንኮራፋቱ ይቆማል። ዝም ይላል። በጣም ከቆየ በኋላ አንድ ጊዜ ትስብና ደግሞ ዝም። «እንቁ!» ብዬ ጠራኋት። «እንቁ!» አልመለሰችም። አማቷ ትከሻዋን ነቀነቁት፤ ራሷ ወደ ጎን ወደቀ። መነሳት አልቻልኩም። ኩባያዬን ከግድግዳው ጋር አጋጭቼ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ። ሲስተሯ ሮጣ መጣች፣ የእንቁን ከንፈር አየችና እሷም ጮኸች።

አንተ በፕላስቲክ ቦት ጫማ እየተንሸራተትክ ገባህ። ኦክስጅኑን አስደረግክላት፣ ማርከሻውን መድኃኒት በእጇ የደም ሥር ሰጠሃት፣ «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ» እያልክ አገጯን ይዘህ ቆምክ። እሷ በማታውቀው አማርኛ ትናገራት ነበር። እኔ ከአልጋዬ ላይ በአዊኛ እየጮህኩ ደገምኩላት። ተነፈሰች። ዓይኗን ገለጠች። ማርከሻው ሞርፊኑን ሲነቅለው ደግሞ ሕመሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጥቶባት እሪ አለች። አማቷ እግርህ ላይ ወድቀው ቦት ጫማህን ሳሙት። ቢሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ያዳንካት አንተ ነህ። ያንን አልክድም።

እሷ ስትረጋጋ መጥተህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥክ። እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ያዝከው። ከዚያ ተናገርክ። «አንቺ ልትሆኚ ነበር» አልክ። «ዋጋዬ፣ አንቺ ልትሆኚ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አንቺ ብትሆኚ ኖሮስ» ብትል ኖሮ ወንድም የሚለው ነው ብዬ አለቅስልህ ነበር። እንደዚያ አላልክም። ልትሆኚ ነበር ነው ያልከው። የእኔ ይሆን የነበረ ነገር ከእኔ አልፎ ወደ ሌላ መሄዱን የሚያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ ይላል። ያን ጊዜ፣ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ያየሁት እጅህ ታየኝ፤ አንዱን ያስቀመጠው፣ ሌላውን ያነሳው። እግሬን ከእጅህ ስቤ አወጣሁት፤ አንተ ያመመኝ መስሎህ «ይቅርታ» አልከኝ።

ለልጄ ክርስትና ስትመጣ ጠየቅኩህ። ባሌ አድማሴ እንግዶቹን ሊሸኝ ሲወጣ ጓዳ ውስጥ ብቻችንን ቀረን።

«ጋሼ፣ ሲሪንጁን ቀይረኸዋል?»

«የቱን?»

«ታውቀዋለህ የቱን።»

«ሕመሙ ነው ያወዛገበሽ» አልከኝ። «ዕጣ ነው አልኩሽ እኮ። በቃ ዕጣ ነው።» ይህን ስትል የሕፃኗን ፎጣ ታስተካክል ነበር፤ ፎጣው ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ ጥናትህን ጨርሰህ ጎንደር ገባህ። መምህር ሆንክ። እኔ እዚህ ከጥርጣሬዬ ጋር ቀረሁ። የጥርጣሬ ክፋቱ አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ ደብተሬን የገዛህ፣ የሰርግ ልብሴን ያሰፋህ። አሁን እያንዳንዱን እያነሳሁ አገላብጠዋለሁ። የችግኝ ማፍያ ቦታውን ከቀበሌ ስታስፈቅድልኝ ተራው የማን ነበር? የችግኝ ስልጠና ላይ ስሜ ሲገባ የማን ስም ወጣ? ምናልባት የማንም አልወጣም። ምናልባት ሁሉም በሕግ ነው የተደረገልኝ። ግን እንደ ድሮው «ወንድሜ አደረገልኝ» ብዬ መደሰት አቃተኝ። ይኸን ያደረግክብኝ አንተ ነህ።

ባለፈው ኅዳር ዳንግላ ለችግኝ ዘር ወርጄ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ክንዴን አገኘሁት፤ አሁን እዚያ አካባቢ ነው የሚሠራው። ገና ሲያየኝ ደነገጠ። ሻይ አዘዘልኝ። ስለ ልጆች፣ ስለ ብርዱ አወራን። በመጨረሻ ቀጥታ ጠየቅኩት።

«ያን ጠዋት ምን ጠይቆህ ነበር የወጣኸው?»

ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ሲያዞር ቆየ። «ሞርፊኑ በየትኛው እንዳለ ጠየቀኝ» አለ።

«ነገርከው?»

«እህቱ ነሽ፣ ዋጋዬ። እኔስ ብሆን አልጠይቅም? ነገርኩት። ሞርፊኑ የአንቺ ነበር። ወጥቼ ስመለስ ለአንቺ ሰጥቶሽ ጨርሷል። ትሪው ላይ የቀረው «አንድ» የተጻፈበት መሆኑን ሳይ ገባኝ።»

«እና ዝም አልክ?»

«እሷን ሲያድናትም አይቻለሁ» አለኝ። «ምን ብዬ ልናገር?»

አየህ፣ እንዳልጠላህ አድርጎ ነው የነገረኝ። እኔም አልጠላሁህም። ሞርፊን መጥፎ መድኃኒት እንዳልሆነ ክንዴ አስረድቶኛል፤ በጥናትህም ብዙዎቹ ሴቶች በእሱ ያለ ሕመም አድረዋል፣ ከማሳከኩ በቀር ምንም አልሆኑም። አደጋው ትንሽ ነበር። አንተ ግን ያቺ ትንሽ አደጋ ለእህትህ በዛችብህ፣ ለእንቁ ግን ትንሽ ሆነችልህ። በአፌ ደግሞ ማንም አይመርጥም አስባልከኝ። ቃሉን የሰጠሃት በእኔ ምላስ ነው።

ስለዚህ በጥር ሄድኩ። በሚኒባስ እስከ አዘና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ገብሱ ታጭዶ አልቋል፣ ቢሻው በሬዎቹን እያጠጣ ነበር። ከሩቅ ሲያየኝ «የዶክተሩ እህት መጣች!» ብሎ ተጣራ። ዶክተር ነው የሚሉህ። አማቷ ሦስቴ ሳሙኝ፤ በየጸሎታቸው ስምህን እንደሚያነሱ ነገሩኝ። ልጁ በረንዳው ላይ እየተወላገደ ይሮጣል። እንቁ ወጣች። ሆዷ ገፋ ማለት ጀምሮ ነበር።

ያን ሳይ ልመለስ ፈለግኩ። እውነቱን ለመናገር እግሬ ዞሮ ነበር። ግን እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ የተቀቀለ ድንችና እርጎ አቀረበችልኝ፤ የዚያን ቤት እህል እየበላሁ ዝም ብዬ ልመለስ አልቻልኩም። አማቷ ሲወጡ ሁሉንም ነገርኳት። ሲሪንጁን፣ እጅህን፣ አልጋዬ ላይ ያልከውን፣ ክንዴ ያለኝን። ቢሻው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ስጨርስ ወደ በረቱ ሄደ።

እንቁ እርጎውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችው። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር።

«እኔም ወንድም አለኝ» አለች። «እሱም ቢሆን እንደዚያው ያደርግልኝ ነበር። መርፌውን የያዘው ግን የእኔ ወንድም አልነበረም።»

ቀጥላ ደግሞ እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ።

«ሌላ ሴት ላይስ አድርጓል? ዘመድ ያላት፣ ሰው የላከላት ስትመጣ፣ የእሷን ለእንደኔ ዓይነቷ ሰጥቷል?»

«አላውቅም» አልኳት። ጋሼ፣ ይኸው አንተንም እጠይቅሃለሁ፤ አድርገሃል? አላደረገም ብዬ ልምልልህ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። በአፌ አንዴ ቃል ሰጥቼልሃለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም።

አሁን የምጽፍልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። እንቁ ሆስፒታል አልሄድም ብላለች። እቤቴ እወልዳለሁ ትላለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ብትመላለስ አልሰማ አለቻት፤ ቢሻውም ከእሷ ባሰ። አማቷ ምክንያቱን ሲሰሙ ለካ መጀመሪያም ተጠራጥሬ ነበር አሉ፣ የጸለዩልህንም ረገሙት። እውነቱን ነግሬያቸው ይኸው ከሐኪም አራቅኳቸው። አንዴ ተቀዶ የተሰፋ ማሕፀን እቤት ውስጥ ሲያምጥ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለአንተ አልነግርህም። ባልነግራቸው ኖሮ በእምነት ይሄዱ ነበር፤ በውሸት ላይ የቆመ እምነት ቢሆንም ወደ ሐኪም ያደርሳቸው ነበር። ሌሊት ሌሊት ይኸንን እያሰብኩ አልተኛም። ቢሆንም ብነግራት ይሻላል ብዬ ነበር፣ አሁንም እንደዚያው አምናለሁ።

ከትናንት በስቲያ እንደገና ሄጄ ለመንኳት። ብዙ ካሰበች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «እሱ ራሱ ይምጣ። ፊቴ ተቀምጦ ያደረገውን ይንገረኝ። ሌላም ሴት ላይ አድርጎ ከሆነ ይንገረኝ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል መሄዴን እወስናለሁ።» እታረቀዋለሁ አላለችም። እወስናለሁ ነው ያለችው። ቢሻው «ደፍሮ አይመጣም» አለ።

ይመጣል ብዬ አልማልኩልህም። ለሆስፒታሉም እስካሁን አልተናገርኩም፤ መናገር ያለብህ አንተ ስለሆንክ ነው። በጥናትህ ውስጥ ሁሉም በዕጣ ነው የተሰጠው ብለሃል፤ አንድ ቀን ሌላ ባለሙያ ያንን አምኖ ሌላ እንቁን ይወጋል። አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፤ ይህንን ከጀርባህ እንዳላደርገው ነው አስቀድሜ የጻፍኩልህ።

ስታነብ የምትለውን አውቀዋለሁ፤ «ለአንቺ ብዬ ነው።» ለእኔ ብለህ እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። ከሁሉ የማልጠራጠረው እሱን ነው። ለዚህ ነው የሚከብደኝ።

ና ጋሼ። አዘና ድረስ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ። ግን ክረምቱ ሳይገባ ና። ዝናቡ ከጀመረ ያ መንገድ መኪና አያሳልፍም፤ እንቁም የምትወልደው ሰኔ ላይ ነው።

ያሳደግካት እህትህ፣
ዋጋዬ